ቆይ የተባለው ወንበር

ባሌ ምርጫ አሸንፏል። አንቀበልህም ብለውት ፍርድ ቤት ሄዶም አሸንፏል። ወንበሩ ላይ ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አልተቀመጠም፤ እሷንም የተቀመጠው በስሕተት ነው። ይህን ለሰው ስናገር ቀልድ የማወራ ይመስላቸዋል። "ካሸነፈ ታዲያ ማን ከለከለው?" ይሉኛል። ማን እንደከለከለው ባውቅማ ደጁ ድረስ ሄጄ ልክ ልኩን በነገርኩት ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነን እንል ነበር እንጂ የምንኖርባት ከጎኗ የተለጠፈች፣ የራሷ ከንቲባና ካውንስል የሚሉት የራሷ ምክር ቤት ያላት ሚጢጢ ከተማ ናት። ከተማዋ በዋርድ በዋርድ ተከፋፍላለች፤ እኛ ቀበሌ ነው የምንለው። እያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ሰው መርጦ ካውንስል ይልካል። የእኛ ቀበሌ ማለት የእኛ ሕንጻና ከጀርባው ያሉ ጥቂት ቪላዎች ናቸው፤ በቃ። ሕንጻው ቀይ ጡብ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ ብርዱ ሲገባ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ያንኳኳል። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ስማረር ነው የኖርኩት። በረሮው፣ ደረጃው፣ የጎረቤት ጥብስ ሽታ፣ ምኑ ቅጡ! ሊያፈርሱት ነው ሲሉኝ ግን ክው አልኩ።

ባለንብረቱ ሕንጻውን አፍርሶ በምትኩ ረጅም የሀብታም ኮንዶ ሊሠራ ፈልጓል። ለዚህ የካውንስሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ካውንስሉ ደግሞ እኩል ለእኩል ተከፍሎ አንዲት ድምፅ ነበረች ሚዛኑን የምትደፋው፤ እሷም የእኛ ቀበሌ ድምፅ ናት። ለዓመታት ወክሎን የተቀመጠው ሰውዬ ከቪላዎቹ በአንደኛው የሚኖር፣ ሰላምታው የማያልቅ፣ በገና ሰሞን በየበራችን ከረሜላ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ኮንዶውን ይደግፋል። "ለሁላችሁም መልካም ነው" ይለናል ጥርሱን ፍልቅቅ አድርጎ።

ከደረጃው ሥር ባለችው ቤት እማማ ይኖሩ ነበር። የሥጋ ዘመዳችን አይደሉም፤ የሕንጻው ሁሉ እማማ ናቸው። ዓይናቸውን የዓይን ግፊት ወስዶታል። እዚያ ሕንጻ ውስጥ ግን እማማን ዓይነ ስውር የሚላቸው አልነበረም። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ እያደረጉ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይወርዳሉ፣ የፖስታ ሳጥናቸውን ይከፍታሉ፣ ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ዳቦ ገዝተው ይመለሳሉ። አንድ ቦታ ላይ ግድግዳው ስንጥቅ አለው፤ እሱ ጋ ሲደርሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። አንድ ጊዜ ሠራተኞች መጥተው ስንጥቁን ሊመርጉት ሲሉ እማማ በሩ ላይ ቆመው "የኔን የመንገድ ምልክት ማንም እንዳይነካብኝ!" ብለው አባረዋቸዋል። ልጅ የላቸውም። የማፍረሱን ወሬ የሰሙ ቀን፣ "እኔ እስካሁን አልታወርኩም። ከዚህ ካወጣችሁኝ ያን ጊዜ ነው የምታወረው" አሉ።

ባሌ ያን ቀን ከእማማ ቤት ወጥቶ ደረጃውን እያቃሰተ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቶ ጉልበቱ ሲያምፅበት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በሩን ከፍቶ ገና ሳይቀመጥ፣

"እወዳደራለሁ" አለ።

"ሩጫ ነው?"

"ለካውንስል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጨርቅህን ልትጥል ነው እንዴ? እንግሊዝኛህ እንኳን ለካውንስል ጉልበትህን ለምታይልህ ነርስም አልበቃ!"

"'ኖ' ለማለት ስንት እንግሊዝኛ ያስፈልጋል?" አለኝ።

እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ሰውዬው ከታክሲው ከወረደ ጀምሮ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሰው መኪና አቋቋም ሲተች ነበር የሚውለው።

በዚያች ከተማ ምርጫ ዜግነት የሌለውም ሰው ነዋሪ እስከሆነ ድረስ ድምፅ ይሰጣል። ባሌ በር በር እያንኳኳ ሐበሻውን በአማርኛ፣ የሳልቫዶር ጎረቤቶቻችንን በታክሲ ስፓኒሽ ሲለምን ከረመ። የምርጫው ዕለት እማማ በእኔ ክንድ ተደግፈው ሄዱ፤ እጩዎቹን አነበብኩላቸው፣ የባሌን ስም ስጠራ "እሱ ላይ፣ እሱ ላይ" ብለው ጣቴን ጨበጡ። ሲወጡ፣ "አገር ቤት ስንት ጊዜ መርጫለሁ፤ የማውቀውን ሰው ስመርጥ ግን ይኸው የመጀመሪያዬ ነው" አሉኝ።

በጣት በሚቆጠር ድምፅ አሸነፈ።

ሰላምታው የማያልቀው ሰውዬ ሰላምታው አለቀ። ጠበቃ ቀጥሮ የሕንጻችን ድምፅ ይሰረዝ አለ። ምክንያቱን ብትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ስማችን ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ባል ሌላ የቤተሰብ ስም፣ ሚስት ሌላ፣ ልጅ ሌላ፤ ስለዚህ ከውጭ መጥተው የተመዘገቡ ሰዎች ናቸው ተባለ። በዚያ ላይ ያው እኛ አንዱን ስም ሊዝ በሚሉት የቤት ኪራይ ውል ላይ በአንድ ዓይነት፣ መታወቂያ ላይ በሌላ ዓይነት ነው የምንጽፈው። ለእነሱ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ታየ።

በነፃ የሚሟገት ቢሮ አንዲት ጠበቃ መደበልን። እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። ስታየኝ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ትስመኛለች፣ አንተና አንቱን ታምታታለች፣ አማርኛዋ ከሰላምታና ከምግብ አያልፍም፤ ልቧ ግን ወርቅ ነው። እኔን ምስክር አድርጋ አቀረበችኝ። የዚያኛው ወገን ጠበቃ ተነስቶ፣ "የዚህ ሰው ሕጋዊ ሚስት ነኝ ካሉ የቤተሰብ ስምዎ ለምን ከእርሳቸው የተለየ ሆነ?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። "የኔ ጌታ፣ የእሱም የእኔም አባት አንድ ቢሆን ኖሮ እንዴት እንጋባለን?" አልኩት።

አስተርጓሚው ሲተረጉመው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም አፋቸውን ሸፈኑ። ቆይተው ሲወስኑ ድምፆቹ ትክክል ናቸው፣ አሸናፊው ባለቤቴ ነው፣ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ወንበሩን ይረከብ አሉ። እሰይ! ያን ቀን ሕንጻው ውስጥ እልልታ ከታች እስከ ላይ ወጣ። እማማ ስንጥቁ አጠገብ ቆመው አጨበጨቡ።

ይግባኝ እንደሚሉ ጠበቃችን ነግራናለች። ባሌ "ይበሉ፤ እነሱ ይግባኝ እስኪሉ እኔ ኖ እላለሁ" እያለ የሚቀጥለውን ስብሰባ ይጠብቅ ጀመር። ቃለ መሐላው የሚፈጸመውም የሕንጻው ጉዳይ የሚወሰነውም በዚያ ስብሰባ ላይ ነው።

ከስብሰባው ቀድሞ ጠበቃችን ኮል አደረገችለት። እሱ ባቡር ውስጥ ነበር፤ ከጎረቤት ከተማ ከዊተን እየተመለሰ። ባቡሩ መሬት ውስጥ ሲገባ ድምፅ ይቆራረጣል። "ጋሼ፣ ከፍርድ ቤት ሰማሁ፤ ዳኞቹ ስቴይ ሰጥተዋል..." ከዚያ በኋላ ያለውን ባቡሩ በላው።

ቤት ሲገባ ፊቱ በርቷል። "ቆይ አሉኝ!" አለ።

"ማን?"

"ይግባኝ ሰሚዎቹ። ስቴይ ሰጥተውኛል። ይግባኙ እስኪታይ ወንበርህ ላይ ቆይ አሉኝ።"

እኔስ ብሆን ምን አውቄ? ስቴይ ማለት ቆይ ነው። ዕድሜ ልኩን ተሳፋሪ "ስቴይ ሂር" ሲለው ሞተር ሳያጠፋ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ይህን ቃል እንዴት ይስታል? ማናችን እንሳሳታለን? መልሶ ደውሎላት ነበር፤ አላነሳችም። እኛም ለምን ብለን እንጨነቅ? ደስታ ነው የነገረችን ብለን ተኛን።

የስብሰባው ዕለት የልጃችን ሠርግ ላይ የለበሰውን ሱፍ ለበሰ። እማማ ከረባቱን በጣታቸው ዳስሰው "ጠሟል" ብለው አቃኑለት። ከዚያ ሕንጻው ተነቅሎ ወጣ ማለት ይቻላል፤ ሐበሻው፣ ሳልቫዶሩ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ። አዳራሹ ሞላ። ከፊት ለፊት ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ማይክሮፎን ተደርድሯል፣ በየወንበሩ ፊት ስም ተጽፏል። በእኛ ቀበሌ ወንበር ፊት ያለው ስም የዚያ ሰውዬ ነው። ባሌ "ገና አልቀየሩትም" ብሎኝ ፈገግ አለና ሄዶ ተቀመጠ። ወንበሩ ሲሽከረከር ያዝ አደረገው። ከሩቅ ሳየው ልቤ እንዴት እንደሞላ!

የከተማዋ ጸሐፊ ደግ ሴት ናት፤ ጎንበስ ብላ በዝግታ አነጋገረችው። ማይክሮፎኑ በርቶ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"ሰር፣ ፍርዱ ስቴይ ተደርጓል" አለችው።

"የስ" አላት ባሌ። "ስቴይ። አይ ስቴይ።"

"ኖ ሰር፣ ኢት ኢዝ ስቴይድ።"

"የስ፣ የስ። አይ ስቴይ ሂር።"

ከኋላ ሰው ሳቀ። ጠበቃችን ያን ጊዜ በሩን ከፍታ እየሮጠች ገባች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሄዳ እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች። እኔም ተከትያት ሄድኩ።

"ጋሼ፣ የሚቆየው አንተ አይደለም" አለችው። አንቱ ማለቱ ጠፍቶባታል። "ውሳኔው ነው የሚቆየው። ዳኛው የፈረደው... ሥራ ላይ አይውልም፤ ይግባኙ እስኪያልቅ። እስከዚያ ያ ሰውዬ ነው የሚቀመጠው።"

"እግድ ነው?" አልኳት።

"እግድ ምንድነው?" አለችኝ።

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን ሳየው አንጀቴን በላችኝ። እግድ ብትለን ኖሮ እኮ ገና ቤታችን እያለን እናለቅስ ነበር! እግድ የሚያክል ቃል ሐበሻ ሆኖ የማያውቅ የለም። እሷ ግን ከየት ትማረው? እናቷ ወጥ ስትሠራ እግድ አላለቻት።

ባሌ ተነሳ። ሱፉን በእጁ ጠረገ። ሰውዬው ጥጉ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነበር፤ "ቴክ ዩር ታይም"፣ አትቸኩል አለው በደግነት፣ ከዚያ ባሌ ያሞቀውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያንን ደግነቱን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

የሕንጻው ጉዳይ ተነሳ። ነዋሪ ሐሳብ ካለው በተራው ወደ ማይክሮፎን ይምጣ ተባለ። ባሌ ተሰለፈ። ሌሎቹ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ ትራፊክ ብዙ አወሩ። እሱ ተራው ሲደርስ ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገና "ኖ" አለ። ከዚያ ደገመው፤ "ማይ ቮት ኢዝ ኖ።" ሰብሳቢዋ አመስግናው ወደ ቦታው መለሰችው።

እማማ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ክርኔን ጨበጡ። "ኖ አለ አይደል? ድምፁን ሰማሁት።"

"አዎ እማማ።"

"እሰይ የኔ ልጅ! በድምፅ ማጉያ ነው ያለው!"

ከዚያ እነዚያ አንድ በአንድ ድምፅ ሰጡ። ወደ እኛ ቀበሌ ወንበር ሲደርስ ሰውዬው "አይ" አለ። በአማርኛ ቢሆን አይሆንም ማለት ነው፤ በእነሱ ቋንቋ ግን እደግፋለሁ ማለት ነው። በአንዲት ድምፅ አለፈ። እማማ ጭብጨባ ጀመሩ። "ይኸው እሱም አይ አለ! ተረፍን!" አሉ። የሳልቫዶር ጎረቤታችን ልጇን ታቅፋ ስታለቅስ ስለማያዩ ደስታቸው ረዘም አለ። እጃቸውን ይዤ ጭብጨባውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ሞት ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። ባሌ መንገድ ላይ ቆም ብሎ፣ "ፍርዱ የታለ ታዲያ? አሸንፌያለሁ እኮ" አለ። ጠበቃችን አብራን እየሄደች ነበር፤ ፍርዱ እንዳለ ነው፣ አልጠፋም፣ ይግባኙን ቶሎ እንዲያዩት እጠይቃለሁ አለችው። ጠየቀችም። ተራችሁን ጠብቁ ተባለች።

እኔ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዳኞቹ ሁሉም ባለበት ይቆይ ያሉ መስሏቸዋል። ባለበት የቆየው ግን የባሌ ፍርድ ብቻ ነው። ሰውዬው ድምፅ መስጠቱን ቀጠለ፣ ባለንብረቱ ፈቃዱን ወሰደ፣ ሊዛችን ሲያልቅ አናድስም አሉን፣ ውሃው አንድ ቀን ይመጣ አንድ ቀን ይጠፋ ጀመር። እኛ በእግድ ታስረን ሌላው ሁሉ በነፃነት ይሄዳል። ይሄ ምን የሚሉት ሚዛን ነው? ለማን እጩህ?

ሰው አንድ በአንድ ወጣ። አንዱ ዊተን ገባ፣ ሌላው ራቅ ብሎ ቤት ወደሚረክስበት ሄደ። በየቀኑ ደረጃው ላይ ፍራሽ ይጎተታል። እማማን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ መጥታ የአረጋውያን ማቆያ አገኘሁልዎ አለቻቸው። ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለው፣ ሁሉም ነገር አለው። አማርኛ የሚናገር ብቻ የለም። ሲሄዱ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ፤ ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ በልማድ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ባሌ ነው ትከሻቸውን ይዞ ወደ በሩ የመለሳቸው።

ልጃችን ሌላ ግዛት ውስጥ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። "ካም ኦን፣ ቤዝመንቱ ባዶ ነው" እያለች ትወተውተናለች። ባሌ እምቢ አለ። ጠበቃዋ ከቀበሌው እንዳይወጣ መክራዋለች፤ የካውንስል አባል የሚሆነው ነዋሪ ብቻ ነው። ቤት ስንፈልግ ከረምን። ግን የት? ቀበሌው ማለት እኮ ሕንጻው ነው! ቪላ እንግዛ? የመጨረሻዎቹ ተከራዮች እኛ ነበርን። ማሞቂያው ሲዘጋና ኮሪደሩ ጨለማ ሲሆን፣ "ቀበሌውን ራሱን ሲያፈርሱት እኔ የት ሆኜ ልቆይ?" አለና ሱፉን አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ከተተ።

አሌክሳንድሪያ መልካም ነው፤ አላማርርም። የልጅ ልጆቼ ከላይ ይሮጣሉ። መስኮታችን ከመሬት ጋር እኩል ስለሆነ የሚያልፈውን ሰው ጫማ ብቻ ነው የምናየው። ባሌ አሁን የሚተቸው አካሄድ ነው።

ይግባኙ የተወሰነ ጊዜ ጠበቃችን በስልክ አልነገረችንም፤ ተምራለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መኪናዋን ነድታ መጣች። ሻይ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም። ባሌ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ጋሼ" አለች፣ "ኬዙ ሙት ነው ብለዋል።"

ባሌ ቀና አለ። "ምን አሉ?"

"ሙት። የእንግሊዝኛ የሕግ ቃል ነው። እርስዎ አሁን ቨርጂኒያ ነው የሚኖሩት። ቢያሸንፉም ወንበሩ ላይ መቀመጥ አይችሉም። ስለዚህ የሚወሰን ነገር የለም፤ ሙት ሆኗል። የበፊቱም ፍርድ ተሰርዟል።"

ይህን ሁሉ አጥንታ ነው የመጣችው፤ አንቱታውን እንኳ አልሳተችም። ባሌ መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"አየሽ?" አለኝ። "መጀመሪያ ቆይ አሉኝ፤ ቆየሁ። አሁን ደግሞ ሙት አሉኝ።"

እግድን የማታውቀው ልጅ የአማርኛውን ሙት ታውቀዋለች። ምን እንዳለች ሲገባት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "ጋሼ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም" እያለች እዬዬ አለች። እኔ ነኝ አቅፌ ያባበልኳት፤ የሚያባብለኝ የምፈልገው እኔ ሆኜ! ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደምናደድ ግን እሱም አልተነገረኝም። በቤዝመንቱ መስኮት የሰው እግር ያልፋል።

በማግስቱ እሑድ እማማን ልንጠይቃቸው ሄድን። የእሑድ እሑድ ልማዳችን ነው። በፊት ስንገባ ድምፃችንን ሰምተው ይነሱ ነበር፤ አሁን አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሰው እስኪነካቸው ይጠብቃሉ። እዚያ ቤት ብቻቸውን አንድ እርምጃ አይራመዱም። መታጠቢያ ቤት የሚወስዳቸው ሰው ደውለው ይጠራሉ። ከስተዋል። ፀጉራቸውን ሌላ ሰው ስላበጠረው አተኛኘቱ የእሳቸው አይደለም።

ባሌ ጉንጫቸውን ሳማቸው። ከረባቱን ፍለጋ እጃቸውን ደረቱ ላይ ሰደዱ። አልነበረም።

"ልጄ" አሉት፣ "ያ ፍርድ እንዴት ሆነ? ወደ ቤታችን መቼ ነው የምንመለሰው?"

ሕንጻው ከፈረሰ ሰንብቷል፤ አልነገርናቸውም። ባሌ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እሳቸውን። አጠገባቸው ተቀመጠና እጃቸውን ያዘ።

"ገና ነው እማማ" አለ። "ቆዩ ብለውናል።"

"አሃ፤ ቆዩ ካሉማ ተስፋ አለው" አሉ እማማ። "እንግዲህ እቆያለኋ።"

እግራቸውን ማፍታታት እንደፈለጉ ነገሩን፤ ደግፈን አቆምናቸው። መዳፋቸውን ዘርግተው ግድግዳ ፈለጉ። አልጋው ከግድግዳው ርቆ ነበር የተቀመጠው።